ሳይለካ የፈረሰ ፒያሳ በኮምፒዩተር ገበያ ስንት ያወጣል?

አንድ የጎልፍ ሜዳ ሣሩ ሳይነቀል፣ አጥሩ ሳይነካ፣ ስመ ሀብቱ ሳይዛወር ሺህ ጊዜ ተሽጧል ቢባል የአራዳ ደላላ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ኮሚሽኑ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ይጠይቃል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ባለፉት 40 ዓመታት ገደማ በአሜሪካ፣ በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ እውነተኛ የጎልፍ ሜዳዎችን እየለኩ በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ መልሶ መሥራት ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። በዚህ ገበያ የሚሸጠው ሸቀጥ የሜዳው ልኬት ነው። ልኬት አንዴ ከተያዘ አይጠወልግም፣ መጋዘን አያጣብብም፣ ባለቤቱ ሜዳውን አርሶ ሽንኩርት ቢዘራበት እንኳ ዋጋው አይወድቅም፤ እንዲያውም ይጨምራል።

ነገሩ ለፒያሳ ነጋዴ ሩቅ ሊመስለው ይችላል። በአራዳ ጎልፍ የሚጫወት ሰው ከማግኘት ጆተኒ የሚጠላ ልጅ ማግኘት ይቀላል። ሆኖም በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲነሳ፣ የዚህ ንግድ ጥሬ ዕቃ የሆነው ልኬት አብሮ መሄድ አለመሄዱን የጠየቀ ነጋዴ አልሰማንም። የመፍረሱን ትክክለኛነትና ስህተት ለሌላ ገጽ ትተን በዚህ ገጽ የምናየው የገበያ ጥያቄውን ብቻ ነው፤ የጠፋ ቦታ በኮምፒዩተር ሲመለስ ገንዘቡን የሚያገኘው ማን ነው?

ሜዳ በዲስክ

እ.ኤ.አ. በ1986 አኮሌድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሚን 18» የሚባል የጎልፍ ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። በውስጡ የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ፣ የካሊፎርኒያው ፔብል ቢችና የጆርጂያው ኦገስታ ናሽናል ተስለው ነበር። «ተስለው» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የያኔው ኮምፒዩተር ከጥቂት ቀለማት በላይ ስለማያሳይ ሜዳው ከፎቶግራፍ ይልቅ የሕፃን ልጅ ሥዕል ይመስላል። ነገር ግን ኩባንያው ሁለት ብልህ ሥራ ሠራ። አንደኛ፣ ገዢው የራሱን ሜዳ የሚነድፍበትን መሣሪያ ከጨዋታው ጋር ሰጠ። ሁለተኛ፣ ሌሎች ታዋቂ ሜዳዎችን በተጨማሪ ዲስክ ለብቻ መሸጥ ጀመረ።

ዘዴውን ወደ ትልቅ ንግድ የቀየረው ግን በሶልት ሌክ ሲቲ የነበረው አክሰስ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው «ሊንክስ» ከካሊፎርኒያው ቶሪ ፓይንስ ሜዳ ጋር ተሸጠ። ሌላ ሜዳ የፈለገ ሌላ ዲስክ ይገዛል። የላምባ ምድጃ የገዛ ሰው ላምባ መግዛቱ አይቀርም እንደሚባለው ማለት ነው፤ ጨዋታው ምድጃው፣ ሜዳው ላምባው ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ የወጣው «ሊንክስ 386 ፕሮ» ደግሞ የሳውዝ ካሮላይናውን ሃርበር ታውን ይዞ መጣ። ዛፎቹ በፎቶግራፍ ተነስተው ወደ ኮምፒዩተር የገቡ ስለነበሩ ለዓይን እውነተኛ ይመስላሉ።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ምራቁን ይውጣል። ቋሚ ወጪው አንድ ጊዜ ነው፤ ለኪውን መላክ፣ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ካርታውን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት። ከዚያ በኋላ የሚሸጠው እያንዳንዱ ቅጂ የሚያስወጣው የባዶ ዲስክና የካርቶን ዋጋ ነው። ዛሬ በኢንተርኔት ሲወርድ ደግሞ ካርቶኑም ቀርቷል።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1999 አክሰስን ገዛው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቴክ ቱ ለተባለ ኩባንያ ሸጠው፤ በ2006 ስቱዲዮው ተዘጋ። የንግዱ ታሪክ ግን እዚያ አላበቃም። በመጨረሻዎቹ የሊንክስ እትሞች ውስጥ የሜዳ መንደፊያ መሣሪያ ስለነበር፣ አፍቃሪዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው የየሰፈራቸውን ሜዳ እየሠሩ በነፃ ይለዋወጡ ነበር። ልምዱ ወደ አዳዲስ ጨዋታዎች ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው «ዘ ጎልፍ ክለብ» እና እርሱን በተከተለው የ«ፒጂኤ ቱር 2ኬ» ተከታታይ ውስጥ ተጫዋቹ የሠራውን ሜዳ ለሌሎች ያቀርባል። ፈቃድ የሌለው ሰው ታዋቂውን ሜዳ ስሙን ትንሽ አጣሞ ያወጣዋል፤ መርካቶ የምናያቸው የብራንድ ጫማዎች አንድ ፊደል እንደሚጎድላቸው ዓይነት።

ከላይኛው ጫፍ ደግሞ ኦገስታ ናሽናል አለ። ይህ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2011 በኤሌክትሮኒክ አርትስ «ታይገር ውድስ ፒጂኤ ቱር 12» ውስጥ ሲገባ ሜዳው በሌዘር ተለክቶ ነበር። ክለቡ ከጨዋታው የሚደርሰውን ገቢ ለፋውንዴሽኑ እንደሚያውል አስታውቋል። የሀብታም ክለብ ነገር ሆኖ ለበጎ አድራጎት ሄደ እንጂ፣ ሣር ላይ የማያርፍ ጫማ ገንዘብ እንደሚያመጣ ታይቷል።

በአዲስ አበባ ነጋዴ ዓይን ግን ይበልጥ የሚያስቀናው የደቡብ ኮሪያው ጎልፍዞን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተው ይህ ድርጅት ተጫዋቹ በከተማ ፎቅ ውስጥ ሸራ ፊት ቆሞ እውነተኛ ኳስ በእውነተኛ ዱላ የሚመታበትን ክፍል አስፋፋ። መሣሪያው የኳሱን ፍጥነትና አቅጣጫ ይለካል፤ ሸራው ላይ ደግሞ ኳሱ በሚታወቅ የአገሪቱ ሜዳ ላይ ሲበር ይታያል። ሰውየው ከሥራ ሲወጣ ከጓደኞቹ ጋር ገብቶ በጨዋታ ይከፍላል። ይህ አሠራር ለእኛ አዲስ አይደለም። ፑል ቤታችንም ፕሌይስቴሽን ቤታችንም የሚሠራው እንዲሁ ነው። በእኛ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ልጆቹ በእንግሊዝና በስፔን ስታዲየሞች ላይ ይጋጠማሉ፤ የአዲስ አበባ ስታዲየም ግን በሚጫወቱበት ዲስክ ውስጥ የለም። ያልተለካ ቦታ አይሸጥማ።

333 ነጥብ

ታዲያ የእኛን ሜዳ ለምን አንሠራም የሚል ባለሀብት ቢመጣ መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር ይህ ነው። የጎልፍ ኳስ ዲያሜትሩ ከ43 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያንሳል፤ ጉድጓዱ 108 ሚሊ ሜትር ነው። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ለስላሳ ሣር ሁለት በመቶ ብቻ ቢያዘነብል፣ በአምስት ሜትር ርቀት ላይ የአሥር ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይመጣል። ኳሱን ከጉድጓዱ የሚያስተው ይኸው አሥር ሴንቲ ሜትር ነው። ሜዳውን የሚያውቅ ተጫዋችም ኮምፒዩተሩ ላይ ቆሞ «ይህ የእኛ ሜዳ አይደለም» የሚለው በዚህ ነው። ዛፉ ባይመሳሰል ይቅር ይላል፤ ቁልቁለቱ ከተሳሳተ ግን ዕቃው የውሸት ነው።

አሜሪካውያን አፍቃሪዎች ይህን ችግር የሚፈቱት በመንግሥታቸው መረጃ ነው። የአገሪቱ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት አውሮፕላን አስነስቶ መሬቱን በሌዘር ጨረር ያስለካል። ላይዳር የሚባለው ይኸው ዘዴ ነው፤ ውጤቱም ለማንም በነፃ ይሰጣል። እንግሊዝም እንዲሁ ታደርጋለች። አንድ ጡረተኛ ቤቱ ተቀምጦ የሰፈሩን ሜዳ በሜትርና ከዚያ ባነሰ ክፍተት የተለካ ገጽታውን ያወርዳል፤ የመንገዱንና የኩሬውን መስመር በፈቃደኞች ከሚሠራው ኦፕን ስትሪት ማፕ ይወስዳል፤ ጥቂት ሳምንታት ደክሞ ሜዳውን ያቆማል።

ለኢትዮጵያ በነፃ የሚገኘው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ምድርን በራዳር ለክታ ተመለሰች። የአፍሪካ መረጃ በ30 ሜትር ክፍተት ለሕዝብ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ነው። 30 በ30 ማለት 900 ካሬ ሜትር ማለት ነው። አንድ የጎልፍ ጉድጓድ ዙሪያ ያለው ለስላሳ ሣር ብዙውን ጊዜ 500 ካሬ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ሙሉ በሙሉ በአንድ ነጥብ ውስጥ ተውጦ ይቀራል ማለት ነው። የከፍታ ስህተቱም በሴንቲ ሜትር ሳይሆን በሜትር የሚቆጠር ነው።

እስቲ እናስላው። ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ 30 ሄክታር ነው እንበል። በነፃው መረጃ የምናገኘው 333 ነጥብ ነው። በአንድ ሜትር ክፍተት ቢለካ ግን 300,000 ነጥብ ይኖረናል። በ333ቱና በ300,000ው መካከል ያለው ልዩነት ነው ገበያው። ያንን ልዩነት የሞላ ሰው ብቸኛ ሻጭ ይሆናል።

ዘጠኝ ጉድጓድ ያልነው ከሜዳ ተነስተን አይደለም። ከፒያሳ በአራት ኪሎ በኩል ወደ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ የሚያልፍበት፣ ወያላውም «እንግሊዝ ኤምባሲ» እያለ የሚጣራለት ሰፊ ግቢ ውስጥ ባለዘጠኝ ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ አለ። ቦታው ዳግማዊ ምኒልክ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን የሰጡት ነው። ከዚህ ሜዳ ውጭ ያለው ነዋሪ የሚያየው ባሕር ዛፉንና አጥሩን ብቻ ነው። የኤምባሲ ግቢ በመሆኑ ሜትር ይዞ መግባት አይታሰብም፤ ከላይ መለካትም እንደዚያው። በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በኤምባሲ ላይ ማብረር ደግሞ ለንግድ የሚመከር ሥራ አይደለም።

ሜዳው ቢለካም ኮምፒዩተሩ ሌላ ነገር ማወቅ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር ኳስን ብዙ ስለማይዝ፣ እዚያ 150 ሜትር የሚሄድ ኳስ እዚህ በግምት አሥር በመቶ ይጨምራል። ፔብል ቢች ላይ ባሕሩ አጠገብ የለመደ ሰው በአዲስ አበባ ሜዳ ኳሱን አጥር አሻግሮ ሊሰድደው ይችላል። የእኛ የገና ተጫዋቾች ጃንሜዳ ላይ እሩሯን ሲመቱ ይህን ስሌት ማንም አላስተማራቸውም፤ በልማድ ያውቁታል።

የመብራት ማማው ክስ

ደላላ መጨረሻ ላይ የሚጠይቀው ያው ነው፤ ባለቤቱ ማን ነው? የሜዳውን ልኬት ለክቶ የሸጠ ሰው ለባለሜዳው ድርሻ ይከፍላል?

በዚህ ረገድ ሁለት ፍርዶችን ማወቅ ይበቃል። አንደኛው የኮምፒዩተር ሳይሆን የአፈር ጉዳይ ነው። በቴክሳስ ቱር 18 የተባለ ድርጅት የታወቁ ሜዳዎችን ጉድጓዶች እየቀዳ በመሬት ላይ አንድ ሜዳ ሠራ። ፔብል ቢች፣ ፓይንኸርስትና የሃርበር ታውን ባለቤት ከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ1998 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሰጠው ውሳኔ የጉድጓዶቹን ቅርፅ መቅዳቱ እምብዛም አላስቀጣውም። ያስቀጣው የሃርበር ታውን 18ኛ ጉድጓድ ጀርባ የቆመውን የመብራት ማማ መቅዳቱ ነበር፤ ማማው ሰው ቦታውን የሚለይበት ምልክት ነውና። መሬቱ የማንም ሊሆን ይችላል፣ ምልክቱ ግን ባለቤት አለው ማለት ነው።

ሁለተኛው የጎልፍዞን ነው። የሜዳ ባለቤቶች ድርጅቱ ያለፈቃድ ሜዳዎቻችንን ለስክሪን ጎልፍ ተጠቅሟል ብለው ከሰሱ። የደቡብ ኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 በሰጠው ውሳኔ የሜዳ ንድፍ በቅጂ መብት ሊጠበቅ የሚችል ሥራ ነው አለ፤ መብቱ ግን የንድፍ አውጪው እንጂ የሜዳው ባለቤት እንዳልሆነ ገለጸ። ያም ሆኖ ባለቤቶቹ ገንዘብና ጥረት ያፈሰሱበትን ነገር ያለፈቃድ መጠቀም ከትክክለኛ የንግድ ውድድር ውጭ ነው በማለት ጎልፍዞንን ተጠያቂ አደረገ። ንድፍ አውጪዎቹም በበኩላቸው ክስ መሥርተዋል። አንድ ሣር ሦስት ባለመብት አወጣ፤ ባለርስቱ፣ ነዳፊውና ለኪው።

በእኛ አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ፎቶግራፍን፣ ካርታንና ፕላንን፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ስለዚህ የፎቶ ቤት ባለቤት የቆየ ፎቶግራፉን ለጨዋታ ሠሪ ከመስጠቱ በፊት ውል ቢያስፈርም ራሱን ይጠቅማል። በቃል የተሰጠ ፎቶግራፍ በቃል የተሸጠ ቤት ያህል ያጨቃጭቃል።

ወደ ፒያሳ ስንመለስ

አራዳ ሳይለካ ሲጠፋ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከጊዮርጊስ በታች የነበረው ትልቁ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ሄደ። ከአሮጌው ገበያ የቀረን ፎቶግራፍና ተረት ነው። የትኛው መደብ የት እንደነበር፣ የጨው ተራው ከማር ተራው በስንት እርምጃ እንደሚርቅ የሚያሳይ የተለካ ነገር ስለሌለ፣ ዛሬ የዚያን ገበያ ጨዋታ ልሥራ የሚል ወጣት ከሐሳቡ ሌላ የሚይዘው የለውም።

ፎቶግራፍ ራሱ ልኬት ሊሆን ይችላል የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ትክክል ነው፣ በቅድመ ሁኔታ። የአፍጋኒስታን የባሚያን የቡድሃ ሐውልቶች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2001 ከፈረሱ በኋላ የዙሪክ ተመራማሪዎች ትልቁን ሐውልት በኮምፒዩተር መልሰው አቁመውታል። የረዳቸው ሮበርት ኮስትካ የተባሉ ኦስትሪያዊ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1970 በመለኪያ ካሜራ ያነሷቸው ሦስት ፎቶግራፎች ናቸው። ሦስት ብቻ! ከቱሪስቶች የተሰበሰቡት ምስሎች ያን ያህል ትክክለኛ ውጤት አልሰጡም። አንድ ግድግዳ ከተለያየ ማዕዘን ተነስቶ ምስሎቹ ሲደራረቡና ቢያንስ የአንዱ ነገር እውነተኛ ርዝመት ሲታወቅ ነው ፎቶግራፍ ሜትር የሚሆነው።

የፓሪሱ ኖትር ዳም ሌላ ትምህርት አለው። ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ሲቃጠል፣ በ2014 የወጣው «አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ» የተባለው ጨዋታ ውስጥ ስለተሠራ ለጥገናው ይረዳል ተብሎ በየቦታው ተወራ። ወሬው የተጋነነ ነበር። ጨዋታው ለተጫዋች እንዲመች የተቀያየረ ነገር አለው። ቁም ነገር የነበረው አንድሩ ታለን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ከእሳቱ ዓመታት አስቀድመው በሌዘር የለኩት፣ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነጥብ የያዘው መረጃ ነው። ታለን እሳቱን ሳያዩ እ.ኤ.አ. በ2018 አረፉ። ከጨዋታውና ከልኬቱ የቱን ትገዛለህ ብባል እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ከልኬት ጨዋታ ይወጣል፣ ከጨዋታ ግን ልኬት አይወጣም።

ይህ በአገራችንም ተሠርቷል። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት በፕሮፌሰር ሄንዝ ሩተር መሪነት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቷል። ላሊበላ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ለኪ አገኘ። የፒያሳ ሰገነት፣ የእንጨት ደረጃና የወርቅ ቤቶቹ መስኮት ግን የዚያን ያህል ዕድለኛ አልነበሩም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ሲነሳበት በውስጡ የነበረው የጃዛምባ አዳራሽ ወደመ። ሆቴሉ ቀረ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ዕድል ያገኘ ቤት ነው።

የፈረሰው ክፍል ልኬት ፈጽሞ ጠፍቷል ብለን ግን እጃችንን አናጥፍ። ነጋዴ ያልለካው ቤት የለም፤ የለካው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። የኪራይ ውል ካሬ ሜትር ይጽፋል። የላሜራ በር የሠራ ብረታ ብረት ቤት የበሩን ስፋት ደረሰኝ ላይ አስፍሯል። ማስታወቂያ ሰሌዳ የሰቀለ ሱቅ የሰሌዳው ቁመትና ወርድ በወረቀት አለው። አንድ የበር ስፋት በትክክል ከታወቀ፣ በጥሩ ሁኔታ ከተነሱ ሁለት ሦስት ፎቶግራፎች ላይ የግድግዳው ሙሉ መጠን ይሰላል።

ሌላው መዝገብ ባንክ ቤት ነው። ለብድር መያዣ የሚቀርብ ሕንፃ በመሐንዲስ ይለካል፣ ይገመታል፣ ፎቶግራፉም ከፋይሉ ጋር ይያያዛል። ፒያሳ ላይ ግን አንድ እንቅፋት አለ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ብዙው የፒያሳ ቤት የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ነበር። ተከራይ የመንግሥትን ቤት አስይዞ አይበደርም፤ ስለዚህ ባንክም አልለካውም። ልኬት ካለ ያለው በወረዳና ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን በተባለው መሥሪያ ቤት አሮጌ ፋይሎች ውስጥ ነው። ቦታው ለሌላ አገልግሎት ሲውል የዚህ ዓይነት ፋይል ዕጣ ፈንታ ብዙውን ጊዜ ምን እንደሆነ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበረ ሁሉ ያውቃል።

ፎቶ ቤቶችም አሉ። ፒያሳ የሙሽራ መኪና ያላለፈበት ዘመን አልነበረም። በቪዲዮ ካሜራ ዘመን የተቀረፀ የሠርግ ካሴት ሙሽሮቹን ብቻ አላስቀረም፤ ካሜራው ከመኪናው ጣራ ላይ እየተንቀሳቀሰ መንገዱን በሙሉ ከተለያየ ማዕዘን ወስዶታል። ሙሽሮቹ ቢፋቱም ከኋላቸው ያለው ሕንፃ በየምስሉ ተደራርቦ አለ። ካሴቱ እየሻገተ ነው፤ የሚያጫውተውም መሣሪያ እየጠፋ ነው። እኔ ገንዘብ ቢኖረኝ ከጨዋታ ሠሪ ኩባንያ አክሲዮን በፊት እነዚህን ካሴቶች ከነመብታቸው እሰበስብ ነበር።

ማን ይገዛል?

እዚህ ላይ አንባቢን ማታለል አያስፈልግም፤ ገበያው ገና ጠባብ ነው። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» እና «ገበታ» የተባሉ የስልክ ጨዋታዎችን ሠርቶ የአገር ልጅ የሠራው ጨዋታ እንደሚወደድ አሳይቷል። ይሁን እንጂ በስልክ የሚጫወት ልጅ የግድግዳውን ሴንቲ ሜትር አይጠይቅም። ሴንቲ ሜትር የሚጠይቁት ሌሎች ናቸው፤ የ1960ዎቹን ፒያሳ ማሳየት የሚፈልግ ፊልም ሠሪ፣ የድሮውን ሰፈር ለጎብኚ የሚያቀርብ ሙዚየም፣ አዲስ ሕንፃ ከአሮጌው ጋር እንዲስማማ የሚፈልግ አርክቴክት፣ ልጆቹን በስክሪን ያደገበት ሰፈር ይዞ መሄድ የሚሻ በውጭ የሚኖር የፒያሳ ልጅ። የመጨረሻው በዶላር ይከፍላል፤ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ሲመነዘር፣ ወጪው በብር ገቢው በዶላር የሆነ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ አይነገርም።

ያው ምንዛሪ በሌላ በኩል ይነክሳል። በእግር ላይ የሚቆም የሌዘር መለኪያ ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ስለሆነ አንድ ለኪ ብቻውን ሊገዛው ይከብደዋል። ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ አንዳንድ የአይፎን ፕሮ ስልኮች የራሳቸው ላይዳር አላቸው፤ ጨረሩ ግን አምስት ሜትር ያህል ብቻ ስለሚደርስ ለሱቅ ውስጠኛ ክፍል ይበቃል እንጂ ለፎቅ ሰገነት አይሆንም። ለውጭ ግድግዳ ማንኛውም ደህና ካሜራ ያለው ስልክ ይሠራል። እያንዳንዱ ምስል ከቀጣዩ ጋር ከግማሽ በላይ እንዲደራረብ ሆኖ በሕንፃው ፊት በእርምጃ እየተሄደ ይነሳል፤ አንድ በር በሜትር ይለካል፤ ሌላውን ኮምፒዩተሩ ያሰላዋል። የሥራው ዋና ወጪ ጊዜና ትዕግሥት ነው።

ለመጀመሪያ ሥራ የሚሆን ዕቃ ደግሞ አሁንም በቦታው አለ። ጣይቱ ሆቴል ቆሟል። ራስ መኮንን ድልድይ አለ። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በምኒልክ ሐውልት ዙሪያ እስከ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ድረስ ያለው ቁልቁለት በራሱ የጎልፍ ሜዳ ይወጣዋል። ቀልድ አይደለም፤ በጨዋታዎቹ የመንደፊያ መሣሪያ የፈጠራ ሜዳ መሥራት የተፈቀደ ነው፣ ጊዮርጊስ ላይ መጀመሪያውን፣ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ መጨረሻውን ጉድጓድ ቆፍሮ በሳሳው የአዲስ አበባ አየር ኳስ ቁልቁል የሚሰድድ ሜዳ የሚያወጣ ወጣት ቢገኝ የውጭ ተጫዋቾች በጉጉት ይሞክሩታል። ያን ጊዜ ኳሱ የሚያልፍበት ሰፈር ግራና ቀኙ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ የፈረሰው ወይስ የተሠራው?

ሥራውን ለመጀመር ለሚያስብ ሰው አንድ የሙያ ነገር እንጨምር። ፀሐይ የበረታበት ሰዓት ጥቁር ጥላ ስለሚጥል ኮምፒዩተሩን ያሳስተዋል፤ ደመና ያለበት ግን ዝናብ የሌለበት ጠዋት ከሁሉ ይሻላል። ሰውና መኪና ምስሉን ስለሚያበላሹ እሑድ ማለዳ፣ ሱቆቹ ሳይከፈቱ፣ ተመራጭ ነው። ሜትሩን የሚይዝ አንድ ረዳት፣ የተሞላ ባትሪ፣ ከሕንፃው ባለቤት የተፈረመ ፈቃድ ያስፈልጋል።